ከትምህርት ቤት በር የተመለሰችው ማንን ነጻ አወጣች?

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ሙስሊም ልጃገረዶች ከትምህርት ገበታ ተከለከሉ፤ ከ150 የሚበልጡትም ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ መቅረታቸው ተነገረ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ጉዳዩ በመቀሌ ሰልፍ አስወጥቶ ከፍርድ ቤት ደረሰ። ያስነሣው ጥያቄ ግን ዛሬም መልስ ይሻል።

የክልከላው ደጋፊዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህንኑ የደነገገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትም በሃይማኖት ጣልቃ እንዳይገባ ያግዳል። አንቀጽ 27 ደግሞ ሃይማኖትን የመግለጽ መብት የሚገደበው በሕግ ብቻ መሆኑን ይናገራል። የአንድ ርእሰ መምህር የቃል ትእዛዝ ከመቼ ወዲህ ነው ሕግ የሆነው?

ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል፦ ሒጃብ የወንድ የበላይነት ምልክት ነውና መከልከሉ ሴቲቱን ነጻ ያወጣል ይላል። ይህ ስጋት እውነት ቢሆን እንኳ፣ ልትዘጋባት የማይገባው የመጨረሻው በር የትምህርት ቤቱ ነው። ከዚያ የተመለሰች ልጅ የምትሄደው ወዴት ነው? ነጻ እናውጣሽ ወደተባለችበት ቤት፣ ምናልባትም ወደ ያለዕድሜ ጋብቻ።

የተወለድኩባት ድባጤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አማራው፣ አገውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ናት። በ2013 ዓ.ም. መተከልን ያመሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ አፈናቀለ፤ የልጆችን ትምህርትም አቋረጠ። ከዚያ ሁሉ መከራ ተርፋ ደብተሯን ዳግም የያዘችን ልጅ በራሷ ላይ ባሰረችው ሻሽ ምክንያት መመለስ እኩልነት ሊባል ይችላልን?

ሚዛኑ ግን በሁለቱም ወገን ይሥራ። እ.ኤ.አ. በ2022 በኢራን ማህሳ አሚኒ በአለባበስ ሰበብ ተይዛ ሕይወቷ ሲያልፍ የሴቶቹ ቁጣ አገሪቱን አናወጠ። ፈረንሳይ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2004 ሻሹን ከመንግሥት ትምህርት ቤት በሕግ አስወጣች። አንዱ በግድ ያለብሳል፤ ሌላው በግድ ያስወልቃል። በሁለቱም ዘንድ ሴቲቱ አልተጠየቀችም። በእኛም አገር ሱሪ ለብሳ፣ ነጠላ ሳትከናነብ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የደረሰችን ሴት የሚገሥጻት፣ ሒጃብ ያላደረገችውን እኅቱን የሚያስፈራራው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች በማያሻማ መመሪያ ሊያጸኑት የሚገባው ቀላል ነው፦ ፀጉር መሸፈን ይፈቀድ፤ ፊትን ማጣራት ካስፈለገ ሴት መምህር ታጣራ፤ መልበስ ያልፈለገችውን ልጅ የሚያስገድድም ይጠየቅ። የእኩልነት መለኪያው የጨርቁ መኖር ወይም አለመኖር አይደለም፤ ልጅቱ «እሺ»ም «እምቢ»ም ብላ ከክፍሏ ወንበር አለመነሣቷ ነው።