በረካው ሳይፈላ

የምረቃ ወቅት ደረሰ። በየቤቱ የጋዋን፣ የፎቶ፣ የመኪናና የድግስ ወጪ እየተሰላ ነው። እኔም ዛሬ ብዙዎቻችን ከሒሳብ የማናገባውን አንድ ወጪ ላስታውሳችሁ ፈለግሁ። ወጪው አንዲት ተጨማሪ ቀን ናት።

ከሦስት ዓመት በፊት ትልቋ ልጄ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ እኔ፣ ባለቤቴና አሮጊት እናቴ ሚኒባስ ተኮናትረን ወረድን። ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐዋሳን አልፈው ወደ ጌዴኦ ሲጠጉ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ቡናው በእንሰቱ መካከል፣ እንሰቱ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ይኸው ነው። እናቴ በመስኮት እያየች "እዚህ አገር ሰው ዛፍ ሳይቆርጥ ነው የሚያርሰው?" እያለች ተገረመች።

ልጄ በዶርም የኖረችው ስድስት ሆነው ነው። አንዷ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዷ ከጅማ፣ አንዷ ከድሬዳዋ፣ አንዷ ከወልዲያ፣ አንዷ ደግሞ የዚያው የወናጎ ልጅ ናት። እርስ በርስ አልተመራረጡም፤ ምደባ ነው ያገናኛቸው። በመጀመሪያው ዓመት ልጄን ወባ ሲይዛት ደግፋ ጤና ጣቢያ ያደረሰቻት፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስታጠጣት ያደረችው የወልዲያዋ ልጅ ነበረች። እኛ የሰማነው ልጃችን ከዳነች በኋላ ነው።

የምረቃው ሥነ ሥርዓት እንዳለቀ የወናጎዋ ልጅ እናት ስድስቱንም ከነቤተሰቦቻቸው ቤቷ ጠራች። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ። ከዚያም ከጓሮዋ የለቀመችውን ቡና ቆልታ ጀበናውን ጣደች። ወላጆች በቅጡ ሳንተዋወቅ ስለ ልጆቻችን ማውራት ጀመርን። የድሬዳዋዋ ልጅ አባት ቀልደኛ ሰው ነበሩ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እኔ ግን ሰዓቴን አያለሁ። ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ "ጋሼ፣ ሳይመሽ ሐዋሳን ብናልፍ ይሻላል" አለኝ። በማግስቱ ሥራ ነበረኝ። አቦሉን እንደጠጣን ተነሳሁ። ባለቤትየዋ ደንግጣ "ኧረ በሞቴ! ቶናው እየፈላ አይደል?" አለች። ልጄም "አባዬ፣ ትንሽ ብቻ" አለችኝ። እኔ የመለስኩላትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ "ስልክ አለ አይደል? ትደዋወላላችሁ።"

መኪና ውስጥ ድምጿ ጠፋ። ድካም ነው ብዬ ተውኳት። ሐዋሳ ለእራት ስንወርድ ግን አያቷን ይዛ ወደ ዳር ወጣች፤ ስታለቅስ አየኋት። ነገሩን የነገረችኝ እናቴ ናት።

ልጄና የወልዲያዋ ጓደኛዋ ለሁለት ወር ተኳርፈው ኖሯል። ጠቡ የተነሳው በአንድ የቡድን ሥራ ነው፤ ልጄ በሰው ፊት ክፉ ቃል ተናገረቻት። አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች አልጋ እየተኙ "ደህና አደርሽ" ሳይባባሉ ከረሙ። ልጄ ይቅርታ ልትጠይቅ የቆረጠችው በዚያ ቀን፣ በዚያ ቡና ላይ ነበር። በረካው ቀርቦ ትልልቆቹ ሲመርቁ ተነስታ ልትስማት አስባ ነበር። እኛ ግን በረካው ሳይፈላ ወጣን።

እናቴ አልተቆጣችኝም። "ልጄ፣ አራት ዓመት አብሮ የበላ ሰው እንዲህ በሩጫ ይለያያል? እኛ እኮ ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳ እንኳ እስከ ወንዙ ነው የምንሸኘው" አለችኝ ብቻ።

ልጄ ያን ሌሊት ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነበር። በሳምንቱ ተገናኙ። "እንዴት ነሽ?" "ደህና ነኝ፤ ቤተሰብ እንዴት ነው?" ተባባሉና ዘጉ። ከዚያ ወዲህ በዓመት በዓል "እንኳን አደረሰሽ" ይጻጻፋሉ። ያንን ነገር ግን ሁለቱም አላነሱትም። ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር በስልክ አፍ ሲያጣ አየሁ።

"ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል" እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ዝም ብሎ አይገናኝም። መሳፈሪያ ይፈልጋል፣ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ይፈልጋል። ከአንድ ክፍል ወጥተው በአምስት አቅጣጫ የሚበተኑ ልጆች ስድስቱም መልሰው አንድ ላይ የሚቀመጡበት ቀን ላይመጣ ይችላል። ወላጅ ሆነን በዚያ ቀን እኛ የምናየው ጋዋኑን ነው፤ እነሱ ደግሞ የሚያዩት የሚለዩትን ሰው ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ልጅ ለምታስመርቁ ጥቂት ልበል። ከቻላችሁ ከምረቃው በኋላ አንድ ቀን እደሩ። በምረቃ ሰሞን አልጋ ስለሚጠፋ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ማደር ካልቻላችሁም ሻንጣው ከመጫኑ በፊት ልጃችሁን ለብቻ ጠርታችሁ "ያልተሰናበትሽው ሰው አለ? የተቀየምሽውስ?" ብላችሁ ጠይቁ። በዱቤ ቡናና ዳቦ ስትሰጣቸው የኖረች ባለ ሱቅ ካለች ሒሳቧ ተከፍሎ፣ ተመስግና ይሂዱ። ከዶርም ጓደኞቻቸው ወላጆች ጋር እናንተም ስልክ ተለዋወጡ፤ ልጆቹ ቢጠፋፉ እንኳ በእናንተ በኩል ይገናኛሉ። አያቶች ደግሞ ከሄዳችሁ የልጅ ልጃችሁን ብቻ ሳይሆን የዶርሙን ልጆች ሁሉ በአንድነት መርቁ። አሜን ሲሉ እጃቸውን አብረው ይዘረጋሉ፤ ለተኳረፈ ሰው ይህም አንድ በር ነው።

ዘንድሮ ሁለተኛው ልጄ ከዚያው ከዲላ ይመረቃል፤ ከእህቱ ሰምቶ ነው የመረጠው። እናቴ መንገዱን አትችልም። እኛ ግን ሁለት ሌሊት ለማደር ወስነናል፤ ፈቃድም ጠይቄያለሁ። የወናጎዋን እናት ደውዬ ሳነጋግራት ሳቀችና "ቶናውም በረካውም ይጠብቃችኋል" አለችኝ።

ታላቅ እህቱም አብራን ትሄዳለች። ባለፈው እሁድ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ሽሮው እስኪቀዘቅዝ አወራች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ግን ፈክቶ ነበር። ከማን ጋር እንዳወራች አልጠየቅኳትም፤ ሽሮውን ብቻ መልሼ አሞቅኩላት።

ሳምንት ሰው ይበለን።