የፒያሳ ለውጥና የነዋሪው ኑሮ

በአራዳ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿና በቡና ቤቶቿ የምትታወቅ ቀደምት የንግድ ማዕከል ናት። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልትና ጣይቱ ሆቴል ተቀራርበው መገኘታቸው ለጎብኚ ምቹ ያደርጋታል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ይህን ሀብት አጎልብቶታል።

በዚያው ዓመት የተጀመረው የኮሪደር ልማት መንገዶችን ቢያሰፋም፣ በርካታ ነባር ነዋሪዎችና አነስተኛ ነጋዴዎች ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። ገቢያቸው በደንበኛና በጉርብትና ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከምትክ ቤት ባሻገር የገበያ ትስስር ያስፈልጋቸዋል። ጎብኚን የሚስበው የአካባቢው ሕይወት ጭምር ስለሆነ፣ የነዋሪው መልሶ መቋቋም ለቱሪዝሙ ዘላቂነትም መሠረት ነው።

በቅርስነት የተመዘገቡ ቤቶች ባለይዞታዎች ከእድሳት በፊት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅባቸዋል።