መልእክተኛውም አንጀት አለው



በአማርኛችን ሞት እንደ ሰው ነው። «ሞት ቀደመን» እንላለን፤ «ሞት ነጠቀን» እንላለን፤ የምንወደውን ሰው ስንመርቅ ደግሞ «ሞት ይርሳህ» እንላለን። የሚቀድም፣ የሚነጥቅ፣ አንዳንዴም የሚረሳ ፍጡር ነው ማለት ነው። እጅና እግር ሰጥተነው ስናበቃ ግን አንጀት አልሰጠነውም። ይዘን ይሆን፣ ይደክመው ይሆን ብለን ጠይቀን አናውቅም።

የሚጠይቁት ልጆች ናቸው። ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ማጭድ የያዘ አጽም በካርቱን ሲያዩ መጀመሪያ ይፈራሉ፤ ቆየት ብለው «እሱስ አያዝንም?» ይላሉ። የእኔም የልጅ ልጅ ጠይቃኛለች። «ዝም በይ፣ ሟርት ነው» ማለት ይቀል ነበር፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም።

ያ ምስል ከአውሮፓ የመጣ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ታላቁ ወረርሽኝ አውሮፓን ካራቆተ በኋላ፣ ሞትን በአጽም አምሳል መሣል እየተስፋፋ ሄደ። ማጭዱም ሰው እንደ አዝመራ መታጨዱን ያሳያል። በአገራችን የሚታወቀው ሞት ግን መልእክተኛ ነው። ክርስቲያኑ መልአከ ሞት ይለዋል፤ ሙስሊሙ መለከል መውት ይለዋል። በሁለቱም ዘንድ የሚልከው ሌላ ነው፤ እሱ ታዛዥ ነው። ስለዚህ የልጆቹ ጥያቄ እኛ ዘንድ ሲደርስ ይከብዳል፦ ሌላ የፈረደውን የሚፈጽም እጅ፣ ባለቤቱ በሆዱ ምን ይዞ ይኖራል?

እኛ የደቡብ ኦሞ ሰዎች ይህን ጥያቄ የምናውቀው ከካርቱን አይደለም። በካራ፣ በሐመርና በበና ዘንድ «ሚንጊ» የሚባል ልማድ ኖሯል። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ መንታ ሆኖ የተወለደ፣ ወይም ወላጆቹ ሥርዓቱን ሳይፈጽሙ የተፀነሰ ልጅ እርጉም ይባላል። እሱ ከቆየ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ያልቃል፣ በሽታ ይገባል ተብሎ ይታመናል። በዚህም ምክንያት ስንት ሕፃን ከእናቱ እቅፍ ተወስዶ ለኦሞ ወንዝ ወይም ለጫካ ተሰጥቷል።

የሚወስደው ማን ነው? ካባ የለበሰ አጽም አይደለም። የዚያው መንደር ሰው ነው፤ የራሱ ልጆች ያሉት፣ ቤተሰቡ ከእናቲቱ ጋር ከአንድ ወንዝ የሚቀዳ። መንደሩን ከድርቅ ያዳነ መስሎት ነው የሚሄደው። ማታ ቤቱ ገብቶ የራሱን ልጅ ሲያቅፍ ምን ይሰማዋል? እንቅልፍስ ይወስደዋል? የሚጠይቀው ከሌለ እሱም «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይኖራል። እናትም እንዲሁ።

ዝምታው ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ከካራው ተወላጅ ከአቶ ላሌ ላቡኮ ታሪክ እንረዳለን። የ15 ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ሕፃን በሚንጊ ምክንያት ሲወሰድ አየ። እናቱን ሲጠይቃት፣ ከእሱ በፊት ሁለት ሴት ልጆች ወልዳ በዚሁ ልማድ እንዳጣቻቸው ነገረችው። እስከዚያች ቀን ድረስ እኅቶች እንደነበሩት አያውቅም ነበር። በአንድ ጎጆ ውስጥ ያን ያህል ዘመን ያን የሚያህል ሐዘን ተቀብሮ ኖሯል።

አቶ ላሌ ተምሮ ሲመለስ ሽማግሌዎቹን ገዳዮች ናችሁ ብሎ አልተነሣባቸውም። መጀመሪያ እኩዮቹን አነጋገረ። ቀጥሎ ሽማግሌዎቹን ልጆቹን ለእኔ ስጡኝ፣ ከመንደሩ አርቄ ላሳድጋቸው ብሎ ለመናቸው። እርግማን አለ የለም የሚለውን ክርክር ወደ ጎን ትቶ፣ ልጁ ግን ይኑር ማለቱ ነበር። ከ30 በላይ ሕፃናት በዚህ መንገድ ተርፈው እዚህ ጂንካ ውስጥ አደጉ። በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ሚንጊን በይፋ አስቀሩ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ የሽማግሌዎቹ እሺታ ነው። አንጀታቸው ድንጋይ ቢሆን ኖሮ የአንድ ወጣት ልመና አያስቆማቸውም ነበር። የሚያርፉበትን ምክንያት ሲጠብቁ የኖሩ ይመስለኛል። መልእክቱ የከበደው ብዙ ነበር፤ «እኔ አልችልም» ብሎ ለመጀመር ግን አንዱ ሌላውን ይጠብቅ ነበር።

ከኦሞ ርቃችሁ የምትኖሩ አንባቢያን «እኛንስ ምን አገባን?» እንዳትሉ። ሳታገባ ያረገዘች ልጁን ከቤት ያስወጣ አባት በየከተማው አለ። የአካል ጉዳት ያለበትን ልጇን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምታስገባ እናትም አለች። ብትጠይቋቸው ፍርዱ የእነሱ አይደለም፤ «ሰው ምን ይላል?» የሚባለው ጌታ ልኳቸው ነው። አባትየው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ እናቲቱ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። የላካቸው «ሰው» ግን እንቅልፉን ተኝቷል።

ስለዚህ ለአያቶች የምለው አለኝ። በቤተሰብ ውስጥ የዳኝነት ቃል አሁንም ከእኛ አፍ ይጠበቃል። ልጆቻችን እንዲህ ያለ ፍርድ ሊፈጽሙ ሲነሡ፣ ባህል ነው ብለን ከመግፋታችን በፊት «አንተስ ምን ይሰማሃል?» እንበላቸው። ከባዱን መልእክት ተሸክሞ የሚሄድ ሰው፣ ቆም ብሎ እንዲያስብ አንዳንዴ የሚፈልገው ይህን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ለወላጆችም እንዲሁ። በየቤታችን ስሙ የማይነሣ ልጅ አለ፤ በሕፃንነቱ ያረፈ፣ በምጥ የቀረ፣ ርቆ የሄደ። የቀሩት ልጆች ይጎዳሉ ብለን እንደብቃለን። እነሱ ግን ባዶ ቦታውን ያዩታል፤ ምክንያቱን ስላላወቁ ብቻ ይፈሩታል። አንድ የዓውደ ዓመት ማታ ቡና ተፈልቶ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ስሙን ጥሩት፤ «እንዲህ የሚባል ወንድም ነበራችሁ» በሏቸው። ብታለቅሱም አትደበቁ። ሞት አይቀርም፣ ስም አይቀበርም ያሉት አባቶቻችን ለትልልቆቹ ብቻ አላሉትም።