የጋራ ኮምፒዩተር የግል መሞከሪያ አይሁን

ሒሱን ከራሳችን እንጀምር። በ2016 ዓ.ም. ከኮምፒዩተር ክፍላችን ማሽኖች አንዱ እጅግ ዘገየብን። መዋጮ ሰበሰብንና ከቂርቆስ ተነሥተን በእግራችን ካዛንቺስ ድረስ ሄደን ባለ 8 ጊጋባይት ራም ገዛን። በማሽኑ ላይ የነበረው 8 ጊጋ ራም ፍጥነቱ 2400 ሲሆን የገዛነው 3200 ነበር። ሻጩ፣ «ልጆች፣ አብራችሁ ከሰካችኋቸው በዘገየው ነው የሚሄዱት» አለን። እኛ ግን ሌላ ሊሸጥልን መሰለንና አልሰማነውም።

ነገሩ እንዳለው ሆነ፤ ሁለቱም በ2400 ሄዱ። ይህ ብልሽት አልነበረም፤ ማዘርቦርዱ ሁለቱም የሚችሉትን ፍጥነት መምረጡ ነው። ደግሞም የማሽኑ ችግር የቦታ ጥበት ስለነበር 16 ጊጋ ሲሞላ ተቃሎለት ነበር። ታዲያ ምን ዋጋ አለው! «የከፈልንበት 3200 የት አለ?» ብለን ባዮስ ውስጥ ገባንና አሮጌውንም ጭምር በ3200 እንዲሄድ አዘዝነው። ማሽኑ በራ፤ አጨበጨብን። በ3ኛው ቀን ስታክ አደረገ። ጓደኞቻችን ለማስተማር ልምምድ ያዘጋጁት የትምህርት ዕቅድም አልከፈት አለ።

ከዓቅሙ በላይ የሚነዳ ራም ሁልጊዜ ወዲያው አይቆምም። አንዳንዴ አንዲት ቢት አሳስቶ ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ ስሕተቱም ዲስክ ላይ ይጻፋል። አደጋው ይህ ነው።

«ኦቨርክሎኪንግም ዕውቀት ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እውነታቸውን ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ኤክስኤምፒ የተባለውን ስልት ካወጣ ወዲህ፣ ፋብሪካው የፈተነው ከፍተኛ ፍጥነት ራሙ ላይ ተመዝግቦ ይመጣል። ይሁንና ፈተናው ለዚያ ራም እንጂ ከጎኑ ለተሰካው ጎረቤቱ አይደለም። መሞከር የሚሻ በገዛ ማሽኑ፣ ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ፣ ሌሊቱን በሜምቴስት86 እየፈተነ ይሞክር። በጋራው ማሽን ላይ ግን የሚጠፋው የሌላ ሰው ድካም ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ ከመግዛታችን በፊት የነባሩን ራም ጽሑፍና የማዘርቦርዱን መምሪያ እናንብብ። ዲዲአር3 በ1.5፣ ዲዲአር4 በ1.2፣ ዲዲአር5 በ1.1 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ የጥርሳቸው ክፍተትም ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

2ኛ/ ባዮስ ውስጥ የተለወጠ ነገር ሁሉ በክፍሉ መዝገብ ከነቀኑ ይጻፍ።

3ኛ/ መምህራኖቻችን አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥተው የማሽኑን ሆድ ከፍተው ያሳዩን።

ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ከተበላሸ ካዛንቺስ ሄዶ መጠየቅ የለም። ያን ሻጭ ይቅርታ እንኳ እንዳንለው፣ ሱቁ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ምክሩ ግን እኛ ዘንድ አለ። አንባብያንም የምትሉትን ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉና እንወያይበት።