አዲስ የስንዴ ዘር ሲመዘን ነጋዴው የት አለ?

ከውጭ አገር በሚመጣ የእህል ውልና የጭነት ሰነድ ላይ «የክረምት ስንዴ» የሚል ቃል ዘወትር ይገኛል። ይህ ቃል በእኛ ዘንድ የዝናቡን ወራት ስለሚያሳስብ፣ ነገሩን ያልመረመረ ሰው እንደ እኛ ደጋ ስንዴ በዝናብ የሚዘራ እህል ይመስለዋል። ስሙ ግን የተሰጠው ከብርዱ ወራት የተነሣ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ያለ ገበሬ ይህን ስንዴ በመስከረምና በጥቅምት ይዘራዋል፤ ቡቃያው በረዶ ለብሶ ይከርማል፤ ብርዱ ሲያልፍ ያድግና በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። ለማፍራትም ብርዱ የግድ ያስፈልገዋል። ለብዙ ሳምንታት በቂ ቅዝቃዜ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ያበዛል እንጂ ዛላ አያወጣም፤ ቢያወጣም እጅግ ዘግይቶ ነው። እንግዲህ ለወፍጮ የመጣውን እንዲህ ያለ ስንዴ «ምርጥ ዘር» ብሎ ለገበሬ የሚሸጥ ሰው ቢኖር፣ የሚሸጠው ዘር ሳይሆን ሣር መሆኑን ይወቀው።

እኔ በአንድ እህል ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ እንጂ የእርሻ ሊቅ አይደለሁም። ሆኖም በየዕለቱ ስለ ስንዴ ጥራት የሚጻጻፉትን ደብዳቤዎች ስመለከት፣ አዲስ ዘር እንዴት እንደሚወለድና በማን እንደሚመዘን ማወቅ ለእኛ ለንግድ ሰዎች የሚገባ መሆኑን ተረድቻለሁ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘር አዳቃዩ በመጀመሪያ አባትና እናት የሚሆኑትን ሁለት ዝርያዎች ይመርጣል። ከእናቲቱ ዛላ ላይ የወንዴውን ክፍል በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ በምትኩም የአባትየውን ብናኝ ያደርግባታል። ከዚህ የሚገኙት ጥቂት ፍሬዎች ተዘርተው ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያሉ ይቀጥላሉ። ጠባያቸው የሚረጋው ከአምስት ወይም ከስድስት ትውልድ በኋላ ነው። የክረምት ስንዴም በማሳ ላይ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ስለሚሰጥ ይህ ብቻውን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የተመረጡት ዘሮች በልዩ ልዩ ስፍራ፣ በልዩ ልዩ ዓመት፣ ከነባሩ ዝርያ ጎን ተዘርተው ይፈተናሉ፤ ብርዱን መቻላቸው፣ ዋግን መቋቋማቸው፣ በነፋስ አለመጋሸባቸው፣ የምርታቸውም ብዛት ይመዘገባል። በመጨረሻም ፍሬው ይፈጫል፤ ከመቶ ኪሎ ስንዴ ስንቱ ነጭ ዱቄት፣ ስንቱ ፉርሽካ እንደ ሆነ ይታያል፤ ፕሮቲኑና ግሉተኑ ይለካል፤ ሊጡ ይቦካል፤ ዳቦው ይጋገራል። በዛሬው ዘመን በላቦራቶሪ ጥበብ የትውልዱን ዓመታት ማሳጠር ቢቻልም፣ የማሳውና የዳቦው ፈተና ግን ጊዜውን መጠየቁ አልቀረም።

ስለዚህ አዲስ ዘር ሦስት ሚዛኖች አሉት ማለት ነው፤ አንደኛው የማሳ፣ ሁለተኛው የወፍጮ፣ ሦስተኛው የገበያ ሚዛን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚይዙት ሊቃውንቱ ሲሆኑ፣ ሦስተኛውን የምንይዘው እኛ ነን። ይህ ሦስተኛው ሚዛን ዘግይቶ ሲመጣ ወይም ሲዛባ የሚደርሰውን ጉዳት ከሌሎች ታሪክ መማር ይቻላል።

በ1874 ሜኖናይት የተባሉ ክርስቲያኖች ከሩስያ ግዛት ከጥቁር ባሕር ሰሜን ተነሥተው በአሜሪካ በካንሳስ ሲሰፍሩ፣ «ተርኪ» የተባለውን ቀይ የክረምት ስንዴ ይዘው መጡ። ስንዴው የአገሩን ብርድና ድርቅ ቻለ፤ ገበሬው ወደደው። ነገር ግን ፍሬው ጠንካራ ስለ ነበረ በድንጋይ ወፍጮ በደንብ አልፈጭ አለ፤ ባለ ወፍጮዎቹም ተጸየፉት፤ ዋጋውም ከለስላሳው ስንዴ በታች ሆነ። በኋላ ግን የብረት ሲሊንደር ያለው ወፍጮ ሲስፋፋ፣ ያ የተናቀው ስንዴ ለዳቦ ተወዳጅ ሆኖ ተገኘና የካንሳስን እርሻ ወረሰው። እንግዲህ ጉድለቱ የዘሩ ሳይሆን የወፍጮው ነበር። ገበያው ግን ይህን እስኪያውቅ ድረስ ቅጣቱን የከፈለው ገበሬው ነው።

ይኸው ተርኪ ስንዴ ወደ ጃፓን ተሻግሮ ከአገሩ ዘር ጋር ተዳቀለና፣ በ1935 «ኖሪን 10» የተባለ እጅግ አጭር አገዳ ያለው ስንዴ ወጣ። በ1946 ሳልሞን የተባሉ አሜሪካዊ የእርሻ ሊቅ ዘሩን ወደ አገራቸው ላኩት። ኦርቪል ቮግል የተባሉት አዳቃይ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በፑልማን ከተማ በ1949 ከአገራቸው የክረምት ስንዴ ጋር ማዳቀል ጀመሩ፤ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ድካም በኋላ በ1961 «ጌንስ» የተባለውን ዝርያ ለቀቁ። ረጅሙ ስንዴ ማዳበሪያ ሲበዛለት ዛላው ከብዶት ይተኛ ነበር፤ አጭሩ ጌንስ ግን ቆሞ ተገኘ። በ1965 ከአንድ ማሳ በሄክታር ወደ 140 ኩንታል የሚጠጋ ምርት ሰጥቶ በዘመኑ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ሰዎቹ ግን በምርቱ ብዛት ብቻ ረክተው አልተቀመጡም፤ በዚያው በ1965 በሄክቶሊትር ክብደቱና በወፍጮ ጠባዩ የተሻለውን «ኑጌንስ» የተባለውን ወንድሙን አወጡ። በፑልማን የስንዴ ጥራት ላቦራቶሪ ከ1946 ጀምሮ ስለ ነበረ፣ አዳቃዩና የዱቄቱ መርማሪ በአንድ ከተማ ይሠሩ ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቮግል ከዚያው ዘር ለኖርማን ቦርሎግ ወደ ሜክሲኮ ልከውላቸው ነበር፤ በሜክሲኮ ከተወለዱት አጫጭር ስንዴዎች የወረዱ ዝርያዎችም ዛሬ በአርሲና በባሌ ማሳዎች ይዘራሉ። ከእነዚሁ አንዱ የነበረው ኩብሳ በ2010 በቢጫ ዋግ ተመታ፤ እርሱን ተክቶ የተስፋፋው ዲገሉ ደግሞ በ2013 መጨረሻ በባሌ በአገዳ ዋግ ተጠቃ። ከዚህም የምንማረው፣ የዘር ምዘና ዘሩ በተለቀቀ ዕለት የማያበቃ መሆኑን ነው። የእኛ አዳቃዮች በቁሉምሳና በሌሎቹም ጣቢያዎች ከዋግ ጋር በሚያደርጉት ሩጫ ላይ ሳሉ፣ ገበያው ምን ዓይነት ስንዴ እንደሚፈልግ ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል?

በብዙ ገበያዎቻችን ስንዴ የሚገዛው በኩንታሉ ክብደትና ዐይን በሚያየው ንጽሕና ነው። ለዳቦ የሚሆነውና ለማካሮኒ የሚሆነው በአንድ ጆንያ ይገባል፤ ግሉተኑ የበዛውና ያነሰውም በአንድ ዋጋ ይሸጣል። እንዲህ ከሆነ ገበሬው ብዛት ያለውን ብቻ ቢዘራ፣ አዳቃዩም ብዛትን ብቻ ቢፈልግ ልንወቅሳቸው አይገባንም፤ ዋጋችን ያዘዛቸውን ፈጽመዋልና። ከዚያ በኋላ ዳቦ ጋጋሪው ሊጡ አልነሣ ሲለው «የአገር ስንዴ አይረባም» ብሎ የውጭውን ሲጠይቅ፣ ጥፋቱን በዘሩ ላይ መጫን ከካንሳስ ባለ ወፍጮዎች ስሕተት አይለይም።

በአሜሪካ የክረምት ስንዴ አዳቃዮች አዲሱን ዘር ከመልቀቃቸው በፊት ወይም በለቀቁት ሰሞን፣ የስንዴ ጥራት ምክር ቤት በተባለው ማኅበር አማካይነት ዱቄቱን ለብዙ ወፍጮና ዳቦ ቤቶች ያድላሉ። እያንዳንዱ ጋጋሪ በየራሱ ምድጃ ጋግሮ አስተያየቱን በጽሑፍ ይሰጣል፤ አዳቃዩም በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ይሰማዋል። የገበያው ፍርድ ዘሩ ከተስፋፋ በኋላ በዋጋ ቅጣት ከሚመጣ ይልቅ፣ አስቀድሞ በቃል ቢመጣ ወጪው እጅግ ያነሰ ነው።

አንዳንድ ሰው «አገሩ ገና በቂ እህል ሳይኖረው ስለ ጥራት መነጋገር ቅንጦት ነው» ይል ይሆናል። ክርክሩ ክብደት ያለው ነው፤ የተራበ ሰው ስለ ግሉተን አይጠይቅም። ነገር ግን ፉርሽካው የበዛ ስንዴ ከአንዱ ኩንታል የሚሰጠው ዱቄት ያነሰ ስለሆነ፣ ጥራት ራሱ ብዛት ነው። ሌላውም «እኔ ብቻዬን ለጥሩው ብጨምር ጎረቤቴ በርካሹ ይበልጠኛል» ይላል። ይህም እውነት ነው፤ ነገሩ የአንድ ነጋዴ ሳይሆን የማኅበር ሥራ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በበኩሌ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ነጋዴዎቻችን ስንዴ ሲረከቡ የሄክቶሊትር ክብደቱንና፣ መሣሪያ ባለበት ሁሉ ፕሮቲኑን ለክተው ከፍ ያለውን ከፍ ባለ ዋጋ ይግዙ፤ የዳቦውንና የማካሮኒውንም በየመጋዘኑ ለይተው ያኑሩ። ሁለተኛ፣ ለወፍጮ የመጣ እህል በዘር ስም እንዳይሸጥ ምክር ቤቱ አባሎቹን በጥብቅ ያስጠንቅቅ። ሦስተኛ፣ አዳዲስ ዝርያዎች በሚመዘኑበት ጉባኤ አንድ ባለ ወፍጮ፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪና አንድ እህል ነጋዴ ምስክርነታቸውን እንዲሰጡ ምክር ቤቱ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ፤ ለሙከራ የሚሆነውንም ዱቄት አባሎቻችን በራሳቸው ምድጃ ይጋግሩ።

አዳቃዩ ዐሥር ዓመት ደክሞ ያመጣውን ዘር እኛ በአንድ ቀን ሚዛን እንፈርድበታለን። ፍርዳችን ትክክለኛ እንዲሆን፣ ዘሩ ገና በሙከራ መደብ ላይ ሳለ መጀመር እንደሚገባው ለምክር ቤቱ አባሎች በትሕትና አሳስባለሁ።