ብራውዘሩ «አላውቀውም» ሲለን

በላብ ውስጥ በየጊዜው የምንሰማት አንዲት ምክር አለች፦ «አድቫንስድ የሚለውን ንካና እለፈው።» ብራውዘሩ ቀይ ምልክት አውጥቶ ድረ ገጹ አያስተማምንም ሲል፣ አጠገባችን የተቀመጠው ልጅ ሳንጠይቀው የሚሰጠን መፍትሔ ይቺው ናት። አንዳንዴ መምህሩም ይላታል፤ ምን ያድርግ፣ የላቡ ሰዓት እያለቀበት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ምክሯ ከመካከላችን ትውጣ የሚል ነው። ብራውዘሩ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። የተሳሳተው ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ሌላ ነገር ማስተካከል ደግሞ ከእኛ አቅም በላይ አይደለም።

ኔትወርክ የተማረ ሁሉ ሰርተፍኬት ምን እንደሆነ ያውቃል። ለጀማሪዎች በአገራችን ነገር ላስረዳ። ከባሕር ዳር የተመረቀ ሰው ዲግሪውን ይዞ ውጭ አገር ሲሄድ፣ እዚያ የሚቀበለው ሰውዬ የዩኒቨርሲቲያችንን ማኅተም አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ወረቀቱ አገር ውስጥ ይረጋገጣል፣ የአረጋጋጩን ማኅተም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጣል፣ ኤምባሲው ደግሞ የውጭ ጉዳይን ማኅተም ያውቃል። ብራውዘርም እንደዚሁ ነው። የድረ ገጹን ሰርተፍኬት አንድ መካከለኛ ሰጪ ይፈርምበታል፣ ለእሱ ደግሞ «ሥር» የሚባለው ሰጪ ይፈርምለታል። ብራውዘሩ ወይም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይዞ የሚመጣው የሥሮቹን ዝርዝር ነው። ሰርቨሩን የሚያዘጋጀው ሰው የድረ ገጹን ሰርተፍኬት ጭኖ የመካከለኛውን ከረሳ ሰንሰለቱ ተቆረጠ ማለት ነው። አንዳንድ ብራውዘር የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ሌላው እምቢ ይላል። «እኔ ጋ ይከፈታል እኮ!» የሚለው ክርክር የሚመጣው ከዚህ ነው።

በእኛ አገር ግን ከሰንሰለቱ ይልቅ ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ቀኑ ነው።

ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ብራውዘሩ ያንን ቀን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። አሁን አንድ ቢሮ ውስጥ ግቡ። ጸሐፊዋ ደብዳቤ ስትጽፍ ቀኑን ከስክሪኑ ጥግ አይታ እንድትጽፍ ተብሎ ኮምፒውተሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቷል። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ለእሷ ትክክል ነው፤ ማሽኑ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 መሰለው። እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት የተሰጠው ሰርተፍኬት ለዚያ ማሽን ገና ያልተወለደ ልጅ ነው! ስለዚህ ባንኩም፣ ኢሜይሉም፣ የመመዝገቢያው ገጽም በአንድ ቀን «አያስተማምኑም» ይሆናሉ። ሰዓቱን ብቻ በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉም አሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓትን 3 ብለው ሲሞሉት ማሽኑ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይህ ብዙም አይጎዳም፣ ልክ በዚያን ቀን የታደሰ ሰርተፍኬት ካልገጠመው በቀር።

ሌላው የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። መብራት እንዴት እንደሚመላለስ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። «ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ያስተካክላል» የሚል ካለ፣ ዊንዶውስ ዶሜይን ውስጥ ባልገባ ማሽን ላይ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ በራሱ እንዳያስተካክል ተደርጎ ነው የሚመጣው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ማሽን እጅ ይፈልጋል።

ጉዳዩ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይቀልም። ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2015 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ የሚሰጠውን ሰርተፍኬት ለ90 ቀን ብቻ ነው የሰጠው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ሰርተፍኬት ሰጪዎችና ብራውዘር ሠሪዎች በተስማሙት መሠረት ደግሞ ከማርች 2029 ወዲህ የሚሰጥ ማንኛውም የድረ ገጽ ሰርተፍኬት ከ47 ቀን አይበልጥም። ዕድሜው ባጠረ ቁጥር የተሳሳተ ሰዓት ቶሎ ይጋለጣል። የቆዩ ስልኮችም አሉብን፦ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ ከ7.1.1 በታች የሆነ አንድሮይድ የዚህኑ ሰጪ ሥር በራሱ አያውቀውም። እንዲህ ያለ ስልክ የያዘች እናት ጥፋቷ ምንድን ነው?

ታዲያ ማለፍ ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለ የኔዘርላንድ ሰርተፍኬት ሰጪ ተሰብሮ ከ500 በላይ የሐሰት ሰርተፍኬቶች ወጡበት፤ በአንዱ የጉግል ሰርተፍኬት ኢራን ውስጥ ብዙ ሰው ኢሜይሉን ተሰለለ። ብራውዘሮቹ ድርጅቱን ከዝርዝራቸው ሲሰርዙት በዚያው ወር ከሰረ። በቀዩ ገጽ ላይ ማለፍን የለመደ ሰው ያኔ ሐሰተኛ ሰርተፍኬት እንኳ ሳይሠሩለት በገዛ እጁ ይገባ ነበር። ጠላፊው መሐል ላይ ቢቆም የምናየው ያንኑ ቀይ ገጽ ነው፤ የሰዓቱን ከሌባው የምንለየው ካነበብነው ብቻ ነው።

ቋንቋውም አላገዘንም። የእንግሊዝኛውን ማስጠንቀቂያ ቃል በቃል ከመለስነው «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ይሆናል። በእኛ ጆሮ «የግል» ማለት የግል ኮሌጅ፣ የግል ባንክ ነው! «የሚጽፉትን ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል» ቢባል እኔ እንጃ፣ አያቴም ትደነግጥ ነበር። የቁልፏ ምልክትም ብትሆን አሳስታናለች። ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባደረገው ጥናት ትርጉሟን በትክክል ያወቁት 11 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ በ2023 ክሮም ላይ አነሳት። ቁልፍ ማለት የስሙ ባለቤት ከሆነ ሰርቨር ጋር በምስጢር እያወራህ ነው ማለት ነው እንጂ ባለቤቱ ጨዋ ነው ማለት አይደለም። የከተማችንን ስም እንኳ እዩት፦ «ባሕር ዳር» እና «ባህር ዳር» ለእኛ አንድ ናቸው። በፊደላችን የድረ ገጽ ስም ቢመዘገብ ለማሽኑ ግን ሁለት ናቸው፤ መዝጋቢው አንድ አድርጎ ካልያዛቸው ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ሁለት ትክክለኛ ሰርተፍኬት ይሰጥባቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የማይስማማኝ ሐሳብ ስለሆነ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የአገሪቱን ሥር ሰርተፍኬት ሰጪነት ለኢንሳ ሰጥቶታል። ከጓደኞቼ «እንግዲያው የራሳችንን ሥር በየኮምፒውተሩ እንጫንና ከሰው ደጅ እንገላገል» የሚሉ አሉ። ለውልና ለፊርማ የራስ ሥር መኖሩ ተገቢ ነው። ለድረ ገጽ ግን በእጅ የሚጫን ሥር፣ ባለቤቱ ለፈለገው ስም ሁሉ ሰርተፍኬት እንዲሰጥ በር ይከፍታል። ካዛኪስታን እ.ኤ.አ. በ2019 ዜጎቿን እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት እንዲጭኑ ስትጠይቅ፣ በወሩ ጉግል፣ ሞዚላና አፕል አገዱት። መግባት ከተፈለገ በሞዚላና በጉግል የኦዲት መንገድ፣ ሁሉም እያየው ቢገባ ይሻላል።

ለትምህርት ክፍላችን ደግሞ የማቀርበው ትንሽ ነገር ነው። ላብ ውስጥ አንድ የሰዓት ሰርቨር ይቁም፣ ማሽኖቹ ሁሉ ከእሱ ይቅዱ። የሞቱት ባትሪዎች ይቀየሩ፤ ዋጋቸው ከአንድ ሪም ወረቀት በታች ነው። የማሽኑ ሰዓት እንደ ፈረንጆቹ ይቀጥልና የኢትዮጵያን ቀን በስክሪኑ ጥግ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በሁለት ሳምንት ይሠራዋል፤ ስሌቱን የሚያውቁ ላይብረሪዎች በነጻ አሉ። እሱን በፍላሽ ይዘን ከተማው ውስጥ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች ብናዞረው፣ ጸሐፊዋ ቀኗን አታጣም፣ ብራውዘሩም አይጮኽባትም። ሊሠራ የሚፈልግ ካለ የሚቀጥለው ሴሚስተር የፕሮጀክት ርዕስ ማስገቢያ ከማለቁ በፊት ያናግረኝ።