ሳይነበብ ጣት አይታተም!



«እኔማ በነፍስ አባቴና በሽማግሌ ፊት ተናዝዣለሁ፣ ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?» የሚል ሰው በየመንደሩ ሞልቷል። ልብ በሉ፣ ይህ አይበቃም! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል ኑዛዜ የሚፈቅደው ጥቂት ነገር ነው። እርሱም የቀብር ሥርዓት፣ የልጆች ሞግዚት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ነው። ዛሬ በ500 ብር እንኳን በሬ በግስ ይገዛል?

በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። አንዱ ምስክር በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ከሆነ 2 ይበቃሉ። መነበቡና ቀኑ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያኖራሉ። ሳይነበብ ጣት ብቻ የታተመበት ወረቀት ፈራሽ ነው። ያን ጊዜ ወንድምና እህት ይካሰሳሉ፤ የእርሻው ወቅት በፍርድ ቤት ደጅ ያልፋል።

የተማረ ሰውስ? ኑዛዜ መሆኑን ገልጦ ሁሉንም በገዛ እጁ ከጻፈ፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ ካኖረ፣ ምስክር አያሻውም። ምስጢሩ የራሱ ነው!

እንግዲህ ፊደል መቁጠር ለልጆች ብቻ ነው የምትሉ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ፊደል የላባችሁ ፍሬ ጠባቂ ነው። «አርጅቻለሁ» አትበሉ፤ ኑዛዜ የሚጽፈው ሽማግሌው አይደል እንዴ? ዛሬ ማታ እርሳሳችሁን ይዛችሁ ወደ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ኑ። እስክትማሩም ድረስ «መጀመሪያ አንብብልኝ» ሳትሉ ጣታችሁን ቀለም አታስነኩ!